የዋልታን ምርምር ከጓሳ መጀመር፦ የብርድ አገር የመስክ ጥናት ደረጃ በደረጃ

የደቡብ ዋልታ የምርምር ጣቢያ የቆመው ከባሕር ወለል በላይ 2835 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃንም 2840 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ይላሉ። ልዩነቱ ከእግር ሥር ነው፤ ከተማችን በድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ጣቢያው ግን 2700 ሜትር ገደማ በሚወፍር በረዶ ላይ ተቀምጧል። በዚያ ላይ በዋልታ የአየሩ ንጣፍ ስለሚሳሳ፣ የጣቢያው ሠራተኛ የሚተነፍሰው አየር ከ3200 ሜትር በላይ ባለ ተራራ ላይ የሚገኘውን ይመስላል። በሰሜን ሸዋ ያለው የሣር ምድር፣ የመንዝ ጓሳም የሚጀምረው ከዚያው ከፍታ ላይ ነው። በጓሳ አጠገብ ባለችው በመሐል ሜዳ ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣ ተመራማሪ ይልቅ ሳንባው አስቀድሞ ተሰናድቷል። ዓይኑ፣ እጁና ማስታወሻ ደብተሩ ግን ገና ሊሠለጥኑ ይገባል።

በየዓመቱ «ዋልታ ሄጄ መመራመር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ተማሪ አላጣም። መልሴ አንድ ነው፦ ከጓሳ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወራት በጓሳ ሌሊቱ መሬቱን ያቆረፍዳል፣ ነፋሱ ጣት ያደነዝዛል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የረሳችሁትን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅም የለም። ከዚህ በታች ያለው አንድ ትንሽ ጥናት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ ነው። በየደረጃው ያው ሥራ በዋልታ እንዴት እንደሚሠራ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

አንደኛ ደረጃ፦ አንድ ጥያቄ ያዙ

«የአየር ንብረት ለውጥ በመንዝ» የሚል ርዕስ ይዞ የሚወጣ ተማሪ በሦስተኛው ቀን የሚለካው ይጠፋዋል። ጥያቄው በመሣሪያ የሚመለስ፣ በአንድ ወቅት የሚያልቅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ይሁን። እኛ የምንይዘው ይህን ነው፦ በአንድ ሸለቆ ግርጌና በጎኑ ባለው ተዳፋት መካከል የሌሊቱ ብርድ በስንት ዲግሪ ይለያያል? በሌሊት የቆረፈደው አፈርስ ጠዋት በስንት ሰዓት ይቀልጣል?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል እንጂ ሥሩ ጥልቅ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በረድ ባለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ መሬቱን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርድና በጎድጓዳው ቦታ ይተኛል። ይህው ሕግ በአንታርክቲካ ሲገዝፍ ከደጋው በረዶ ላይ የቀዘቀዘው አየር ወደ ባሕሩ ይንደረደራል። እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1914 በዳግላስ ማውሰን የተመራው የአውስትራሊያ ጉዞ የሰፈረበት ኬፕ ዴኒሰን በዚህ ነፋስ ምክንያት ከምድራችን እጅግ ነፋሻማ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። የመንዝን ሸለቆ የተረዳ የኬፕ ዴኒሰንን ማዕበል ምክንያት ይዟል።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንድ ልዩነት በደንብ ይግባችሁ። በጓሳ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ነው፤ ከወር ወር ብዙም አይቀያየርም። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ በስቫልባርድ፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ በሎንግየርብየን ከተማ ፀሐይ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ጨርሶ አትወጣም፣ በእነሱ በጋ፣ ማለትም በኛ ክረምት ግድም፣ ደግሞ አትጠልቅም፤ ትልቁ ልዩነት በእነሱ ክረምትና በጋ መካከል ነው። ስለዚህ በጓሳ በየዐሥር ደቂቃው የማይለካ መሣሪያ ዋናውን ነገር ያመልጠዋል። በስቫልባርድ ግን በየሰዓቱ እየለካ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ መቆየቱ ይበልጣል። ጥያቄው የመለኪያውን ድግግሞሽ ይወስናል፤ ይህን ሳያስቡ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ባለ አገሩን ጠይቁ

ጓሳ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ የአካባቢው ሕዝብ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ምድር ነው። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወስነው ሕዝቡ ራሱ ነበር። ዛሬም ባለቤት አለው። ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከዩኒቨርሲቲያችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ መሐል ሜዳ ሂዱና ምን እንደምትተክሉ፣ የት እንደምትተክሉ፣ መቼ እንደምትነቅሉ በጽሑፍ አስረዱ። እረኞቹንም በቃል ንገሯቸው፤ ሜዳ ላይ ለቴርሞሜትር ጥላ የቆመ ነጭ ሳህን ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ቢነካው ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በጣም ጥቂት ነው፤ ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ከዋና ጠላቶቹ አንዱ ነው። ጫማችሁንም ከመግባታችሁ በፊት ጥረጉ። በአንታርክቲካ ማንም ሰው ከመርከብ ከመውረዱ በፊት የጫማውን ሶልና የልብሱን ማያያዣ ሳይቀር ከዘር ፍሬ ያጸዳል። አንታርክቲካ በ12 አገሮች እ.ኤ.አ. በ1959 በተፈረመው ውል ለሰላምና ለሳይንስ የተተወች ናት። በ1991 በማድሪድ የተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ደግሞ ማንኛውም ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመዘን ያስገድዳል። ጓሳ ላይ ፈቃድ መጠየቅን የለመደ ሰው ያንን ቅጽ ሲሞላ አይጨንቀውም።

ፈቃዱን ስታገኙ ወዲያው አትሂዱ። ቁጭ ብላችሁ አዛውንቶችን ጠይቁ። አንድ ጊዜ በጓሳ ዳር ባለ መንደር አንድ አባት በዱላቸው ወደ አንድ ቋጥኝ እያመለከቱ፦ «ልጄ፣ ከዚያች ድንጋይ በታች ገብስ አይዘራም፤ ውርጭ ይተኛበታል» አሉኝ። ቴርሞሜትራችንን ከድንጋዩ በላይና በታች ተከልን። ከጠራ ሌሊት በኋላ መሣሪያው ያንኑ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ቦታ የምመርጠው ካርታ ከመዘርጋቴ በፊት ሰው ጠይቄ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መሣሪያውን ፈትኑ

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። ሙቀትን በራሳቸው የሚመዘግቡ አነስተኛ ሎገሮች፣ ባይገኙ ዝቅተኛና ከፍተኛውን ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር፤ በሚሊሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፤ ቢላዋ፤ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፤ የግንባር ባትሪ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ተዉት፤ ቀለሙ በብርድ ይረጋል፣ በእርጥበት ይፈስሳል። እርሳስ በማንኛውም ብርድ ይጽፋል፤ የዋልታ ተመራማሪዎችም ዛሬ ድረስ አልተለዩትም።

ማንኛውንም ቴርሞሜትር ሳትፈትኑ አትመኑ። ፈተናው በኩሽና ይሠራል። ንጹሕ ውኃ አብርዱና በረዶ አድርጉት፤ ለዚህ ማቀዝቀዣ ያለው ማንኛውም ካፌ ይተባበራችኋል። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድቅቁ፣ በፔርሙስ ሙሉት፣ የበረዶው ቅንጣት እስኪርስ ድረስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሐሉ ላይ አስገቡ፤ ግድግዳውን እንዳይነካ። እያማሰላችሁ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ንባቡ 0 መሆን አለበት። 0.4 ካሳየ መሣሪያው 0.4 ያበልጣል ማለት ነው፤ ከእያንዳንዱ ንባብ 0.4 ትቀንሳላችሁ። ይህን ቁጥር በመሣሪያው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት፣ በደብተሩም የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩት። ጨው ጠብ እንዳይልበት፤ ጨው ያለበት በረዶ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ ነው ብላችሁ በዚያ ለመፈተን አትሞክሩ። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ግድም ነው፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። የበረዶ መቅለጫ ግን በቆላም በደጋም ያው ነው። ጎበዝ ተማሪዎች በዚህ ስህተት ጥሩ ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ብለው ሲጥሉ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ጥላ። ፀሐይ በቀጥታ የመታው ቴርሞሜትር የሚናገረው የራሱን ሙቀት ነው፤ የአየሩን አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ቴርሞሜትሩን ከእንጨት ላይ እንዲሁ አስረን ተውነው፤ የሳምንት ሙሉ የቀን ንባብ ተጣለ። መፍትሔው ከገበያ ይገኛል። ስድስት ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ግዙ። ከአንዱ በስተቀር መሐላቸውን ብሱ፣ ሁሉንም ደፍታችሁ በሦስት ረዣዥም ብሎኖች ላይ ጣት በሚያህል ክፍተት ደራርቧቸው፤ ያልተበሳው ከላይ ይሁን። ቴርሞሜትሩ በመሐሉ ቀዳዳ ይንጠልጠል። ነፋስ ያልፋል፣ ፀሐይና ዝናብ አይገባም። በዋልታ ጣቢያዎች የምታዩዋቸው ነጫጭ የሳህን ክምሮች ከዚህ የሚለዩት በዋጋ ነው።

ስለ ባትሪ፦ ተራው የአልካላይን ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ሊቲየሙ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ይሠራል፤ ውድ ቢሆንም ለሎገር እሱን ግዙ። ስልክና መለዋወጫ ባትሪ በደረት ኪስ ከገላ ተጠግቶ ይደር። ካሜራ ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቡ ግን አስቀድማችሁ ውጭ ሳላችሁ በላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ አለዚያ የቤቱ እንፋሎት ሌንሱ ውስጥ ጤዛ ይሠራል። ካሜራው እስኪሞቅ ድረስ ከረጢቱ አይከፈት።

አራተኛ ደረጃ፦ ልብስና ስንቅ

ጋቢ እወዳለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን ቤት ይቅር። ጥጥ ላብና ጤዛ ይጠጣል፣ ከረጠበም ገላን ያቀዘቅዛል። የበግ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀት አይነፍግም፤ መንዝ በርኖስና ዝተት የፈተለው ይህን ስላወቀ ነው። ከገላ የሚጠጋው ላብ የሚያሳልፍ ቀጭን ልብስ፣ መካከለኛው ሱፍ፣ የላዩ ነፋስ የማያሳልፍ ይሁን። አቀበት ከመጀመራችሁ በፊት አንዱን አውልቁ፤ ላብ ውስጥ የገባ ሰው ቆሞ መለካት ሲጀምር ይቀዘቅዛል። እጃችሁ ላይ ሁለት ጓንት ይሁን፤ እርሳስ ለመያዝ የሚያመች ቀጭን፣ ከላዩ ወፍራም።

ስንቁ ከአገሩ አይወጣም። የጥንት የዋልታ ተጓዦች ደርቆ የተፈጨ ሥጋ ከሞራ ጋር ለውሰው ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ሚዛኑ ቀላል፣ ጉልበቱ ብዙ ነው። በቅቤ የተለወሰ በሶ በዚያው ሐሳብ የተሠራ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውም ያለ ምክንያት አልተባለም። ቆሎ በኪስ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ አይለያችሁ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ቦታ መርጦ መትከል

ሦስት ነጥቦች ምረጡ፦ አንዱ በሸለቆው ግርጌ፣ አንዱ በተዳፋቱ ወገብ፣ አንዱ በአናቱ። ሦስቱም በተመሳሳይ ሣር ላይ ይሁኑ። አንዱ ረግረግ ላይ ሌላው ድንጋይ ላይ ከሆነ የምታነጻጽሩት ከፍታን ነው ወይስ አፈርን? መልስ አይኖረውም። በየነጥቡ ሦስት ልኬት ይኑር፤ በሳህኑ ጥላ ውስጥ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከሣሩ አናት ልክ በላይ፣ እና ከመሬት በታች አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ። ለስድስት ሎገር ብቻ አቅም ካላችሁ አናቱን ተዉት።

የሣሩን ልኬት እንዳትንቁት። በጠራ ሌሊት ከሣሩ አናት ላይ ያለው ሙቀት 1.5 ሜትር ላይ ካለው በብዙ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ለዚህ ነው ሬዲዮ «ዝቅተኛው 2 ዲግሪ» ብሎ ሳለ ገብሱን ውርጭ መትቶት የሚያድረው።

ገመድ ካለ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ አይጥና ፍልፈል ይበጣጥሱታል። ጭላዳዎችም ሣር ሲነቅሉ አዲስ ነገር ካዩ ይጎትታሉ፤ እንጨቱን በድንጋይ አጥብቁ። የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። የቆየ የወረቀት ካርታ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ የኢትዮጵያ የቀድሞ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፣ ስልካችሁ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይጠቀማል። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ሸለቆው ጠባብ ከሆነ ነጥባችሁ ካርታው ላይ ከሸለቆው ማዶ ያርፋል።

ከተከላችሁ በኋላ አታንቀሳቅሱ። በአንታርክቲካ ሃሊ በሚባለው የእንግሊዝ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ኦዞን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ከመሬት ይለካ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ምንም አስደናቂ ነገር ያልታየበት አሰልቺ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የኦዞን ንጣፉ በየፀደዩ እየሳሳ መሆኑን ለዓለም ያሳወቁት ያ ልኬት ስላልተቋረጠ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የንጋቱ ሥራ

ብርዱ የሚበረታው ፀሐይ ልትወጣ ስትል እስከወጣች ጥቂት ደቂቃዎች ድረስ ነው። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከድንኳን ውጡ፤ ሁለት ሆናችሁ፣ ብቻውን ማንም አይሂድ።

መጀመሪያ ዙሪያውን ተመልከቱ። ጅብራው ቅጠሉን ወደ ውስጥ አጥፎ መሐል ያለውን ቡቃያ ሸፍኖ ታገኙታላችሁ፤ ፀሐይ ስትነካው ይዘረጋል። ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል። ሣር በሌለበት እርጥብ አፈር ላይ ስትራመዱ ከእግራችሁ ሥር እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ድምፅ ይሰማል። እዚያ ቁሙ። ተንበርከኩና የአፈሩን ቅርፊት በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ከሥሩ መርፌ የመሰሉ የበረዶ ዘንጎች አንድ ላይ ተጠጋግተው ቆመው ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ዘንግ በአናቱ ላይ የአፈር ቅንጣት ወይም ጠጠር ተሸክሟል። ሌሊቱን ከሥር እርጥበት ወደ ላይ እየሳበ፣ ከላይ እየቀዘቀዘ ያደገ በረዶ ነው። ፀሐይ ሲነካው ዘንጎቹ ይወድቃሉ፣ ጠጠሩም ከነበረበት ትንሽ ቁልቁል ያርፋል። በዚህ መንገድ አንድ ተዳፋት በየሌሊቱ ቆዳውን ያንሸራትታል፣ የዘር ሥር ይነቅላል። በደቡብ ውቅያኖስ ባለችው ማሪዮን ደሴት ተመራማሪዎች ይህንኑ የበረዶ መርፌ ለረጅም ጊዜ አጥንተውታል።

የዘንጎቹን ርዝመት በሚሊሜትር ለኩ። የሚያምረውን ብቻ አትምረጡ፤ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምራችሁ በየአምስት እርምጃው ዐሥር ቦታ ለኩ፣ በረዶ የሌለበት ቦታ ከደረሳችሁም 0 ብላችሁ ጻፉ። ዜሮም ራሱ ንባብ ነው። ከዚያው አጠገብ አንድ እፍኝ አፈር በታሸገ ላስቲክ ውሰዱ፤ ቤት ገብታችሁ መዝኑት፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አድርቁትና እንደገና መዝኑት። የጎደለው ክብደት ውኃው ነው። የደረቀ አፈር የቱንም ያህል ቢበርድ መርፌ አያወጣም።

ቴርሞሜትር ስታነቡ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ትንፋሽና የፊት ሙቀት ንባቡን ያነሳሉ። መጀመሪያ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ያለውን ክፍልፋይ፣ ከዚያ ሙሉ ቁጥሩን አንብቡ፤ ቶሎ የሚለወጠው ክፍልፋዩ ነውና። አንባቢው ጮክ ብሎ ይበል፣ ጸሐፊው ደግሞ ጽፎ መልሶ ያንብብለት። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፤ ማጥፊያ ላጲስ ወደ መስክ አይምጣ።

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ኅዳር 12 ለ13 አጥቢያ፣ ንጋት 12 ሰዓት ከ10፣ ነጥብ ሁለት፣ የሣር ላይ፣ ንባብ፣ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም፣ አንባቢና ጸሐፊ፣ አስተያየት፦ ሳህኑ ላይ አመዳይ አለ።» ብዙ ጽሑፍ ነው፤ ጣታችሁም ደንዝዟል። ቢሆንም እዚያው ቆማችሁ ጻፉት። «ቁርስ ስንበላ እናሟላዋለን» የተባለ መስመር ሁሉ ሳይሟላ ይቀራል፤ እንዴት እንደተነበበ ያልተጻፈለት ቁጥር ከስድስት ወር በኋላ ለራሳችሁም ዲዳ ይሆናል። ሮበርት ስኮትና ባልደረቦቹ ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ እየሞቱ እንኳ 16 ኪሎ ያህል የድንጋይ ናሙና አልጣሉም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1912 አስከሬናቸው ሲገኝ ማስታወሻቸውም ድንጋዩም አብሮ ተገኘ፤ በውስጡ የነበረው የጥንት ተክል ቅሪት አንታርክቲካ በአንድ ዘመን ደን የነበረባት፣ ከሌሎች አህጉራት ጋር የተያያዘች ምድር እንደነበረች ለሚያሳየው ማስረጃ አስተዋፅኦ አደረገ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ሰዓትና ቀን

ይህ ክፍል ለኛ አገር ሰው የተለየ ነው፤ በሌላ መመሪያ አታገኙትም። አንድ ዓመት ከሎገሮቹ አንዱን ያስጀመረው ልጅ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላው። መረጃው ሲወጣ ብርዱ የበረታው እኩለ ቀን ላይ ይመስል ነበር፤ ንጋት 12 ሰዓት ለኮምፒውተሩ ቀትር ነውና። የስድስት ሰዓት ልዩነት መሆኑን እስክንረዳ ድረስ ብዙ ደከምን።

ሎገሮች ሁሉ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ይሞሉ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ሰቅ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ይቀድማል። በደብተሩ ላይ በለመዳችሁት ሰዓት ጻፉ፣ ነገር ግን «ሌሊት»፣ «ንጋት»፣ «ጠዋት» የሚለውን ቃል አትዝለሉ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሩ። ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ የቀኑ ልዩነት በአንድ እንደሚዛነፍ አትርሱ፤ ኅዳር 13 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 22 ሲሆን በዚያ ዓመት 23 ይሆናል። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት የየትኛው ቀን ነው ለሚለው ጥያቄ አማርኛ ራሱ መልስ አለው፦ «ለ13 አጥቢያ» ካላችሁ ማንም አይሳሳትም። በደቡብ ዋልታ ሁሉም የሰዓት ሰቆች በአንድ ነጥብ ስለሚገናኙ የአሜሪካው ጣቢያ የኒው ዚላንድን ሰዓት ይከተላል። እዚያም «በማን ሰዓት?» የሚለው ጥያቄ በየገጹ ይጻፋል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ብርድ ሰው ላይ ሲበረታ

ቴርሞሜትር ነፋስ አያውቅም፤ ገላ ያውቃል። ንባቡ 0 ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ፊታችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ያህል ነው። ከዜሮ በታች 10 ላይ ያው ነፋስ ወደ 20 ያደርሰዋል።

ጓደኛችሁን ተመልከቱ፤ የቀዘቀዘ ሰው ራሱን አያውቅም። ከተንቀጠቀጠ በኋላ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ እርሳስ ከእጁ ከወደቀ፣ በደልዳላ መሬት ከተደናቀፈ ሥራው ያቁም። ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ከመሬቱ ለዩት፤ ዝተት ከሥሩ አንጥፉ። አእምሮው ካልሳተ ትኩስ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። አረቄ አትስጡት። ሙቀት የሚሰማው የደም ሥሩ ወደ ቆዳው ስለሚሰፋ ነው፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው ይሸሻል። የነጣ፣ የደነዘዘ ጣትን አትሹት፣ በእሳትም አታሙቁት፤ በብብት ያሙቀው። ጠንክሮ እንደ ሰም ከሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ ድረስ ቀልጦ ዳግም እንዳይበርድ ጠብቁት። ከቆላ የመጣ ጓደኛ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው ደግሞ ከፍታው ነው፤ ወደ ታች አውርዱት።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ማንበብ

የበረዶ ፈተናውን ማስተካከያ በሁሉም ንባብ ላይ አድርጉ፤ ጥሬውን ግን አትንኩት፣ ለብቻው ይቀመጥ። ሌሊቶቹን በሁለት ክፈሏቸው፦ ጥርትና ጸጥ ያሉ፣ ደመናማ ወይም ነፋሻማ የሆኑ። በግርጌውና በወገቡ መካከል ያለውን ልዩነት በየክፍሉ አስሉ። ውርጩ በእርግጥ የሚተኛ ከሆነ ልዩነቱ በመጀመሪያው ክፍል ይሰፋል፣ በሁለተኛው ይጠፋል ወይም ይገለበጣል። የአፈሩ ሙቀት ከ0 በላይ የወጣበትን ሰዓት ደግሞ ፀሐይ ነጥቡን ከነካችበት ሰዓት ጋር አስተያዩ። ውጤቱን በአማርኛ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለመሐል ሜዳ ስጡ፤ ለነገሯችሁ አዛውንትም ሄዳችሁ አንብቡላቸው። እንጨቶቹን ነቅላችሁ ጉድጓዱን በነበረው አፈር ድፈኑ።

ዐሥረኛ ደረጃ፦ ከጓሳ ወደ ዋልታ

ይህን ጥናት የሠራ ተማሪ ማመልከቻ ለመጻፍ በቂ ነገር አለው። በሎንግየርብየን ያለው የስቫልባርድ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል በአርክቲክ ባዮሎጂ፣ ጂኦሎጂ፣ ጂኦፊዚክስና ቴክኖሎጂ ኮርሶች ይሰጣል፤ መስክ ከመውጣት በፊት የደኅንነት ሥልጠና ግዴታ ነው። ከሰፈር ውጭ ለመሄድ የዋልታ ድብ ማስፈራሪያ መያዝ ያስፈልጋል። በበረዶ ግግር ላይ በገመድ ተያይዞ መሄድ፣ ሰማይና ምድር በአንድ ነጭ ሲዋጡ ቆሞ መጠበቅ፣ በተቀጠረ ሰዓት በሬዲዮ ድምፅ ማሰማት ጓሳ የማያስተምራቸው ናቸው፤ እዚያ ትማሯቸዋላችሁ። ስቫልባርድ ራሷ ቪዛ አትጠይቅም። መንገዱ ግን በኖርዌይ በኩል ስለሆነ መመለሻውን ጨምሮ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ በአንድ መግቢያ ቪዛ ከሄዳችሁ ስትመለሱ ችግር ይገጥማችኋል።

በደቡቡ በኩል ከአፍሪካ በአንታርክቲካ ጣቢያ ያላት ደቡብ አፍሪካ ናት፤ መርከቧ ከኬፕ ታውን ወደ ሳናይ ጣቢያና ወደ ማሪዮን ደሴት ትመላለሳለች። በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ መማር አንዱ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007–2008 ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ጋር የተወለደው የወጣት የዋልታ ተመራማሪዎች ማኅበር አባልነቱ በነጻ ነው፤ በኢንተርኔት የሚሰጣቸውን ትምህርቶች ከደብረ ብርሃን ሆኖ መከታተል ይቻላል። ቀጣዩ የዋልታ ዓመት እ.ኤ.አ. ለ2032–2033 ታቅዷል። ዛሬ ዐሥረኛ ክፍል ያለ ተማሪ በዚያ ጊዜ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክትበት ዕድሜ ላይ ይደርሳል።

በማመልከቻው «ብርድ እችላለሁ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ሁሉም ይጽፈዋል። ቴርሞሜትራችሁን በበረዶ እንዴት እንደፈተናችሁት፣ ማስተካከያው ስንት እንደነበረ፣ የትኛው ሎገር ለስንት ሌሊት እንደቆመና ያንን ክፍተት በመረጃው ላይ እንዴት ምልክት እንዳደረጋችሁበት ጻፉ። ከደብተሩም አንድ ገጽ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይነካ፣ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ።